ሶጆርነር ትሩዝ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ዓመታቱ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው። የልጅነት ዕድሜዋ በግምት የተቀመጠ ነው፤ በባርነት የተወለደን ልጅ የልደት ቀን ለመመዝገብ የሚጨነቅ ሰው አልነበረም።

ሶጆርነር ትሩዝ ማን ናት?

በ1797 ገደማ በአሜሪካ ኒው ዮርክ ግዛት፣ አልስተር ካውንቲ ውስጥ ኢዛቤላ ተብላ በባርነት ተወለደች። በ1826 መጨረሻ ከጌታዋ ቤት ወጣች። በ1828 ከሕግ ውጭ የተሸጠ ልጇን በፍርድ ቤት አስመለሰች። ከ1843 ጀምሮ በአዲሱ ስሟ ከከተማ ከተማ እየዞረች ባርነት እንዲቀር፣ ሴቶችም መብታቸው እንዲከበር ሰበከች። በ1883 ሞተች። ማንበብና መጻፍ አልተማረችም። ስለዚህ ስለ እሷ የምናነበው ሁሉ ሌላ ሰው የጻፈው ነው፤ ከጸሐፊዎቹም አንዳንዶቹ ከራሳቸው ጨምረዋል። ከታች ካሉት መልሶች ብዙዎቹ የሷን ከጸሐፊው የሚለዩ ናቸው።

ኒው ዮርክ ሰሜን አይደለም እንዴ? እዚያም ባርነት ነበር?

ነበር፤ ያውም ለረጅም ዘመን። ኒው ዮርክ መጀመሪያ የሆላንዶች ቅኝ ግዛት ነበረች። በሃድሰን ወንዝ ዳርቻ የሰፈሩት የሆላንድ ዘር ገበሬዎች ከ1600ዎቹ ጀምሮ አፍሪካውያንን በባርነት ይዘው ያሠሩ ነበር። እንደ ደቡቡ ሰፊ የጥጥ እርሻ ስላልነበረ አንድ ቤት የሚይዘው ጥቂት ሰው ነው። ይህ ነገሩን ያቀለለው የሚመስላቸው አሉ፤ እንዲያውም በአንድ በኩል አከበደው። ባልና ሚስት በተለያዩ ጌቶች እጅ ይወድቃሉ፣ ልጆች አንድ በአንድ ይሸጣሉ። የኢዛቤላ አባት ጄምስና እናቷ ኤልሳቤጥ አሥር ወይም አሥራ ሁለት ልጆች ወልደው አብዛኞቹ ተወስደውባቸዋል።

ቤተሰቡ የሃርደንበርግ ቤተሰብ ንብረት ነበር። የሚተኙት ከጌታው ቤት ሥር ባለ ምድር ቤት ውስጥ ነው፤ ወለሉ ጭቃ ላይ የተጋደመ ልል ጣውላ ሲሆን ዝናብ ሲዘንብ ከጣውላው ሥር ውሃ ይንቦጫቦጫል። አባትየው አርጅቶ መሥራት ሲያቅተው «ነጻ» ተባለ። ይህ ነጻነት የሚጦረው ሰው የለም ማለት ነበር፤ ብቻውን፣ በብርድና በረሀብ ሞተ።

የመጀመሪያ ቋንቋዋ እንግሊዝኛ አልነበረም የሚባለው እውነት ነው?

እውነት ነው፤ ሆላንድኛ ነበር። እስከ ዘጠኝ ዓመቷ ገደማ ሌላ ቋንቋ አታውቅም። የመጀመሪያው ሽያጯ መከራ የሆነባት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው፦ አዲሶቹ ጌቶች እንግሊዝኛ ብቻ ይናገራሉ፤ አንድ ዕቃ አምጪ ሲሏት ሌላ ታመጣለች፤ ባመጣች ቁጥር ትገረፋለች። የግርፋቱ ጠባሳ ዕድሜዋን ሙሉ ሰውነቷ ላይ ቀርቷል።

ስንት ጊዜ ተሸጠች? በስንት?

የመጀመሪያው በ1806 ገደማ በሐራጅ ነው። ከበግ መንጋ ጋር አብራ ለጆን ኒሊ በ100 ዶላር ተሸጠች። ከሁለት ዓመት በኋላ መሸታ ቤት ያለው ማርቲነስ ሽራይቨር በ105 ዶላር ገዛት። በ1810 ዌስት ፓርክ ወደሚኖረው ጆን ዱሞንት ተላለፈች፤ እዚያ አሥራ ስድስት ዓመት ሠራች፣ አምስት ልጆችም ወለደች። በወጣትነቷ የወደደችው ሮበርት የሚባል ሰው የሌላ ጌታ ነበር። ሊጠይቃት ሲመጣ ጌታው ተከትሎት ክፉኛ ደበደበው። ምክንያቱ ሒሳብ ነው፦ ልጅ የእናቱን ጌታ ስለሚከተል፣ ሮበርት ከኢዛቤላ ቢወልድ ትርፉ የዱሞንት ነበር። በኋላ ቶማስ ከሚባል፣ በዚያው በዱሞንት ቤት ካለና በዕድሜ ከሚበልጣት ሰው ጋር ተጋባች።

«ቀስ በቀስ ነጻ የሚያወጣው» የኒው ዮርክ ሕግ እንዴት ነበር የሚሠራው?

ይህን ሳይረዱ የቀሩትን ታሪኮች መረዳት አይቻልም፤ ስለዚህ ትንሽ እንቆይበት።

በ1799 የወጣው ሕግ ከዚያ ዓመት ሐምሌ 4 በኋላ ከባሪያ እናት የሚወለድ ልጅ ነጻ ነው አለ። ግን ወዲያው አይደለም፤ ወንዱ እስከ 28፣ ሴቷ እስከ 25 ዓመት ዕድሜ ለእናታቸው ጌታ ያለ ደመወዝ መሥራት ነበረባቸው። ከዚያ ቀን በፊት ለተወለዱት ሕጉ ምንም አልሰጠም። ኢዛቤላም ከእነሱ ውስጥ ናት፤ በሁለት ዓመት ቀድማ መወለዷ ጎዳት።

በ1817 ሌላ ሕግ ወጣ። ከሐምሌ 1799 በፊት የተወለዱት ሁሉ ሐምሌ 4 ቀን 1827 ነጻ ይወጣሉ፤ ሕጉ ከወጣ በኋላ ለሚወለዱት ደግሞ የግዴታ አገልግሎቱ ወደ 21 ዓመት ዝቅ ይላል። ውጤቱ እንግዳ ነው፦ እናት በ1827 ነጻ ስትሆን ትንንሽ ልጆቿ ገና አሥርና ሃያ ዓመት ታስረው ይቀራሉ።

ሕጉ አንድ ቀዳዳ ነበረው። ጊዜው የተወሰነለትን ልጅ ወደ ደቡብ ወስዶ ለሸጠ ሰው፣ እዚያ ማብቂያ የሌለው ባርነት ስላለ ዋጋው ከፍ ይላል። ስለዚህ ሕጉ ከግዛቱ ውጭ መሸጥን ከለከለ፤ የሚጥሰውም ከባድ ቅጣት ይጠብቀው ነበር። ብዙዎች ግን ከሳሽ አይኖርም ብለው ይሸጡ ነበር። የኢዛቤላ ልጅ የተሸጠው እንዲህ ነው።

አምልጣ ነው የወጣችው ወይስ ተለቃ?

ሁለቱም አይደለም ማለት ይቀላል። ዱሞንት በደንብ ከሠራሽ ከሕጉ አንድ ዓመት ቀድሜ፣ በ1826 እለቅሻለሁ ብሎ ቃል ገብቶላት ነበር። ቀኑ ሲደርስ እጅሽ ታሞ ስለነበር የሚገባኝን ሥራ አላገኘሁም ብሎ ካደ። እሷ ግን የራሷን ሒሳብ ሠራች። 100 ፓውንድ (45 ኪሎ ያህል) ሱፍ ፈትላ ጨረሰች፤ ይህ የቀረብኝን ዕዳ ይከፍላል ብላ ስላመነች በዚያው ዓመት መጨረሻ፣ ጎህ ሲቀድ፣ የጡት ልጇን ሶፊያን ታቅፋ፣ ትንሽ ልብስና ስንቅ በመሐረብ ቋጥራ ወጣች። ሌሎቹ ልጆች በሕጉ የዱሞንት ስለነበሩ ልትወስዳቸው አልቻለችም።

ያረፈችው አይዛክና ማሪያ ቫን ዋገነን ከሚባሉ ባልና ሚስት ዘንድ ነው። ዱሞንት ተከታትሎ መጣና ሸሸሽ ሲላት፣ አልሸሸሁም፣ በቀን ብርሃን ሄድኩ እንጂ ብላ መለሰችለት። አይዛክ ሰው መግዛትና መሸጥ የማይወድ ሰው ነበር፤ ጭቅጭቁ እንዲያበቃ ግን የቀረውን የአገልግሎት ጊዜ ለእናትየዋ 20 ዶላር፣ ለሕፃኗ 5 ዶላር ከፍሎ ወሰደ። ኢዛቤላ ጌታዬ ብላ ስትጠራው ጌታ አንድ ነው፣ እኔን በስሜ ጥሪኝ አላት። ለተወሰነ ጊዜ ኢዛቤላ ቫን ዋገነን ተብላ የምትታወቀው በዚህ ምክንያት ነው።

ልጇን ያስመለሰችበት ክስ እንዴት ሄደ?

በእኛ አስተያየት ከታዋቂው ንግግሯ ይልቅ መታወቅ ያለበት ይህ ነው። በ1828 በባርነት የነበረች ጥቁር ሴት ነጭ ሰውን ከስሳ ማሸነፏ ያልተለመደ ነገር ነበር፤ እንዴት እንደሆነ በዝርዝር ማወቅ ይቻላል።

ልጁ ፒተር ይባላል፤ የአምስት ዓመት ልጅ ገደማ ነበር። ዱሞንት ለዶክተር ጌድኒ ሸጠው። ዶክተሩ ወደ እንግሊዝ ሊወስደው አስቦ ነበር፤ ልጁ ለአገልግሎት ትንሽ ሆኖ ስላገኘው ለወንድሙ ለሰለሞን ጌድኒ ላከለት። ሰለሞን ደግሞ ለእህቱ ባል፣ ለፋውለር ሸጠው፤ ፋውለር ደቡብ ወዳለችው አላባማ ግዛት ወሰደው። ወንጀሉ የተፈጸመው እዚህ ላይ ነው።

ኢዛቤላ መጀመሪያ የዱሞንትን ሚስት ጠየቀች፤ ለአንድ ልጅ ይህ ሁሉ ጩኸት ምንድን ነው ተብላ ተመለሰች። የጌድኒን እናት ጠየቀች፤ እሷም የኔም ልጅ እዚያው ሄዳለች፣ ያንቺ ከኔ ይበልጣል ወይ አለቻት። ከዚያ በኋላ ነው ባርነትን የሚቃወሙ የኩዌከር ክርስቲያኖች ኪንግስተን ወደሚገኘው ፍርድ ቤት ሄደሽ ለግራንድ ጁሪ፣ ማለትም ክስ ለሚመረምረው ሸንጎ፣ አመልክቺ ብለው ያደረሷት። ግራንድ ጁሪ አንድ ትልቅ ሰው መስሏት ፍርድ ቤቱ ውስጥ ያየችውን ደህና የለበሰ ሰው ይዛ አቤቱታዋን ጀመረች፤ ሰዎች ወደ ትክክለኛው ክፍል መሯት። መጽሐፍ ቅዱስ ይዛ ልጁ የኔ ነው ብላ ማለች። የእስር ወረቀት ተጽፎ ተሰጣት፤ ወረቀቱን ኒው ፖልዝ ላለው ኮንስታብል፣ ማለትም የአካባቢው ፖሊስ፣ እንድታደርስ ተነገራትና ወረቀቱን ይዛ በእግሯ እየሮጠች ሄደች።

እዚህ ላይ ነገሩ ተበላሸ። ኮንስታብሉ ወረቀቱን የሰጠው ለሰለሞን ሳይሆን ለወንድሙ ነው። ሰለሞን ይህን ሲሰማ ተደብቆ ቆየና በጀልባ የሃድሰንን ወንዝ ተሻግሮ ጠበቃ አማከረ። ጠበቃው ልጁን ካልመለስክ አሥራ አራት ዓመት እስርና አንድ ሺህ ዶላር ይጠብቅሃል ስላለው፣ በመከር ወራት ወደ አላባማ ሄዶ በጸደይ ልጁን ይዞ መጣ። ልጁን ግን ለእናቱ አልሰጠም፤ የኔ ነው ብሎ ያዘው።

እንደገና ፍርድ ቤት። በዚህ ጊዜ ጌድኒ ቀርቦ በ600 ዶላር ዋስ ተለቀቀ፤ ቀጠሮውም ለወራት ተላለፈ። የያዘችው ጠበቃ ታገሺ፣ ካሸነፍሽ ግማሹ ገንዘብ ላንቺ ነው አላት። 300 ዶላር እሷ ከተሸጠችበት ከየትኛውም ዋጋ ይበልጣል። ልጄን እንጂ ገንዘብ አልፈልግም አለች፣ መጠበቅም አልፈለገችም፤ ጌድኒ ልጁን መልሶ ቢሰውረው ማን ያገኘዋል? ሌላ ጠበቃ ዘንድ ሄደች። እሱ 5 ዶላር አምጪ፣ በሃያ አራት ሰዓት ውስጥ ልጁን አስመጣለሁ አላት። ወደ ኩዌከሮቹ መንደር አሥር ማይል ያህል በእግሯ ሄዳ ከ5 ዶላር በላይ ሰበሰበች፤ የተረፈውንም ሳትቆርጥ ሁሉንም ለጠበቃው ሰጠች። ለራስሽ ጫማ ለምን አልገዛሽበትም ሲሏት፣ አሁን የምፈልገው ልጄን ብቻ ነው አለች።

ልጁ በማግስቱ ዳኛ ፊት ቀረበ። እናቱን አላውቃትም ብሎ ጮኸ፤ የጌድኒን እግር ይዞ አልለይም አለ። ግንባሩ ላይ ያለውን ጠባሳ ፈረስ ረግጦኝ ነው፣ ጉንጩ ላይ ያለውን ሠረገላ ገጭቶኝ ነው አለ። እንዲህ እንዲናገር ተነግሮት ነበር። ዳኛው አልተታለለም፤ ልጁ ከእናቱ በቀር ሌላ አዛዥ እንደሌለው ወስኖ አስረከባት። ማታ ልብሱን ስታወልቅለት ከአንገቱ እስከ እግሩ በግርፋት የተተለተለ ሰውነት አገኘች።

ይህን ታሪክ ለረጅም ዘመን የምናውቀው ከራሷ ቃል ብቻ ነበር። በ2022 በኒው ዮርክ ግዛት መዝገብ ቤት ውስጥ የ1828 የፍርድ ቤት ሰነዶቹ ተገኙ። ቃለ መሐላዋ ሥር የፈረመችበት የኤክስ ምልክት አለ።

ፒተር በኋላ ምን ሆነ?

ከእናቱ ጋር ኒው ዮርክ ከተማ ኖረ፣ በጉርምስናው ከፖሊስ ጋር ተጋጨ፣ በ1839 ዞን በምትባል የዓሣ ነባሪ አዳኝ መርከብ ተቀጠረ። ጥቂት ደብዳቤዎች ላከ። መርከቧ በ1842 ስትመለስ እሱ አልነበረም፤ ከዚያ በኋላ ወሬው ጠፋ።

ሐሰተኛ ነቢይ ተከትላ ነበር የሚባለውስ?

አዎ፤ የሚያደንቋት ሰዎች ይህን ብዙ ጊዜ ይዘሉታል። በ1830ዎቹ መጀመሪያ ኒው ዮርክ ውስጥ የቤት ሠራተኛ ሆና ስትሠራ፣ አሠሪዋ ኤላይጃ ፒርሰን ራሱን ነቢዩ ማትያስ ብሎ የሚጠራውን ሮበርት ማቲውስን ተከተለ፤ እሷም አብራ ገባች፣ ያጠራቀመችውንም ገንዘብ ሰጠች። በ1834 ፒርሰን ሞተ። ማቲውስ በነፍስ ግድያ ተከሶ በ1835 በነጻ ተለቀቀ። ከማኅበሩ የነበሩት ፎልገር የሚባሉ ባልና ሚስት ደግሞ ኢዛቤላ ልትመርዘን ሞክራ ነበር ብለው አወሩ። ምን አደረገች? በስም ማጥፋት ከሰሰቻቸው። ስለ ጠባይዋ ከቀድሞ አሠሪዎቿ የምስክር ወረቀት ሰበሰበች፤ ዱሞንት ሳይቀር ጻፈላት። 125 ዶላር ተፈረደላት። ፊደል የማትለይ ሴት ወረቀት ምን ሊሠራ እንደሚችል ከብዙ የተማሩ ሰዎች ይበልጥ ገብቷት ነበር።

ስሟን ለምን ለወጠች?

ሰኔ 1 ቀን 1843 መንፈስ አዞኛል ብላ ከኒው ዮርክ ከተማ በእግሯ ወጣች፤ ጥቂት ልብስ በትራስ ልብስ ውስጥ ጨምራ። ስብከት ሥራዬ ነው ብላ ስለተነሣች ተጓዥ የሚል ትርጉም ያለውን ሶጆርነርን ያዘች፤ ትሩዝ፣ ማለትም እውነት፣ ተከተለ። እስከዚያ ድረስ የምትጠራው በየጌታዋ ስም ነበር።

በቀጣዩ ዓመት ማሳቹሴትስ፣ ፍሎረንስ ውስጥ ካለ የጋራ ኑሮ ማኅበር ገባች። ማኅበሩ 470 ኤከር መሬትና የሐር ፋብሪካ ነበረው፤ ባርነትን አጥብቆ ይቃወማል። የፀረ ባርነት ጋዜጣ አዘጋጁን ዊሊያም ሎይድ ጋሪሰንንና ከባርነት አምልጦ የታወቀ ተናጋሪ የሆነውን ፍሬደሪክ ዳግላስን ያገኘችው እዚያ ነው። ማኅበሩ በ1846 በዕዳ ፈረሰ።

ማንበብ ሳትችል መጽሐፍ እንዴት አወጣች?

እሷ ተናገረች፣ ኦሊቭ ጊልበርት የምትባል የማኅበሩ ወዳጅ ጻፈች። በ1850 ጋሪሰን ማተሚያ ቤት አገናኛትና በዱቤ ታተመላት። አሳታሚ ስላልነበራት ባለመብቷ እሷው ናት። በየስብሰባው መጨረሻ አንዱን በ25 ሳንቲም ትሸጣለች። በዚያው ዓመት ፍሎረንስ ውስጥ በ300 ዶላር ዕዳ ቤት ገዛች፤ ዕዳውን በ1854 ከፍላ ጨረሰች። በ1857 ቤቱን በ750 ዶላር ሸጣ ወደ ሚሺጋን፣ ባትል ክሪክ አካባቢ ሄደች። መጽሐፉ ሲነበብ ግን አንድ ነገር ልብ ማለት ያስፈልጋል፦ ጊልበርት በየመሀሉ የራሷን አስተያየት ታስገባለች፤ አንዳንዴ ተራኪዋ ያላለችውን ትፈርዳለች።

«እኔስ ሴት አይደለሁም ወይ?» ብላለች?

ማለቷን የሚያሳይ የወቅቱ ማስረጃ የለም። ትምህርት ቤት ውስጥ የምናቀርበው ጽሑፍ፣ ፌስቡክ ላይ የሚዞረው ጥቅስ፣ ሁሉም ከአንድ ዘግይቶ ከወጣ ጽሑፍ የተቀዳ ነው።

የሆነው እንዲህ ነው። በግንቦት 1851 አክሮን፣ ኦሃዮ በተካሄደ የሴቶች መብት ጉባኤ ላይ ንግግር አደረገች። የጉባኤው ጸሐፊ የነበረውና በደንብ የሚያውቃት ጋዜጠኛ ማሪየስ ሮቢንሰን ንግግሩን ሰኔ 21 በጋዜጣው አወጣው። በዚያ ዘገባ ላይ እንደ ማንኛውም ወንድ ጡንቻ አለኝ፣ አርሻለሁ፣ አጭዳለሁ፣ እፈልጣለሁ፣ ከዚህ የበለጠ የሚሠራ ወንድ አለ ወይ ትላለች። የታወቀው ጥያቄ ግን አንድ ጊዜም የለም።

ከአሥራ ሁለት ዓመት በኋላ፣ በ1863፣ ጉባኤውን የመራችው ፍራንሲስ ጌጅ ሌላ ቅጂ አወጣች። የታወቀው ጥያቄ ተደጋግሞ የሚመጣው በዚህኛው ነው። ሦስት ምልክቶች የጌጅን ቅጂ እንድንጠራጠር ያደርጉናል። አንደኛ፣ ተናጋሪዋ አሥራ ሦስት ልጅ ወልጄ ይላል፤ ሶጆርነር የወለደችው አምስት ነው። ሁለተኛ፣ አነጋገሩ የደቡብ እርሻ ባሪያዎች ተብሎ የሚጻፈው እንግሊዝኛ ነው፤ እሷ ግን ደቡብ አልኖረችም፣ አፏን የፈታችውም በሆላንድኛ ነው። ሦስተኛ፣ ጌጅ ሕዝቡ እንዳትናገር ይጮህባት ነበር ትላለች፤ የ1851 ዘገባዎች እንዲህ ያለ ረብሻ አይታይባቸውም። ጥቅሱን መጠቀም የሚፈልግ ሰው ጌጅ በ1863 እንደጻፈችው ብሎ ያስቀምጥ። ለንግግሩ የቀረበውን የሚፈልግ የሮቢንሰንን ይውሰድ።

በዚያው በ1863 ታዋቂዋ ደራሲ ሃሪየት ቢቸር ስቶው ስለ እሷ በጻፈችው ጽሑፍ እንደ ሞተች አድርጋ አቅርባታለች። ሴትዮዋ ከዚያ በኋላ ሃያ ዓመት ኖራለች። ዳግላስን በንግግሩ መሀል «ፍሬደሪክ፣ እግዚአብሔር ሞቷል እንዴ?» ብላ ያቋረጠችበትን ጉባኤም ስቶው ቦስተን አድርጋዋለች፤ ዳግላስ ራሱ ቦታው ሴለም፣ ኦሃዮ እንደነበር ተናግሯል።

ፎቶግራፎቿን ለምን ትሸጥ ነበር?

ለኑሮዋና ለጉዞዋ። በ1860ዎቹ በካርቶን ላይ የተለጠፈች ትንሽ ፎቶግራፍ በርካሽ ማባዛት ተቻለ። እሷም ከ1863 ጀምሮ እየተነሣች ሸጠች፤ በ1864 የባለቤትነት መብቱን በራሷ ስም አስመዘገበች፣ ይህም ያኔ ለተነሺው ሳይሆን ለፎቶ አንሺው የሚሰጥ ነበር። ከሥሩ ያሳተመችው ቃል ጥላዬን የምሸጠው አካሌን ላኖር ነው የሚል ነው። ምስሎቹን ልብ ብላችሁ ተመልከቱ፦ ነጭ ቆብ፣ ነጠላ መሰል የትከሻ ልብስ፣ መነጽር፣ ሹራብ መሥሪያ ክር። የተቀደደ ልብስ ወይም የተገረፈ ጀርባ አላሳየችም። ራሷን የተከበረች ሴት አድርጋ ማቅረብ ፈልጋለች።

ከአብርሃም ሊንከን ጋር ተገናኝታለች?

አዎ፣ ጥቅምት 29 ቀን 1864 ኋይት ሃውስ ውስጥ። ለፕሬዚዳንትነት ከመታጨትህ በፊት ስምህን ሰምቼ አላውቅም ብላው እንደሳቀ ራሷ አስጽፋለች። የፊርማ ደብተሯ ላይም ፈርሞላታል። አብራት የነበረችው ሉሲ ኮልማን ከዓመታት በኋላ የጻፈችው ግን ያን ያህል ሞቅ ያለ አይደለም፤ ረጅም ሰዓት መጠበቃቸውን ታነሣለች። ሁለቱ በመጽሐፍ ቅዱስ ላይ ጎንበስ ብለው የሚታዩበት ምስል ፎቶግራፍ እንዳይመስላችሁ፤ ሁለቱም ከሞቱ በኋላ የተሠራ ሥዕል ነው።

ዋሽንግተን ውስጥ ምን ትሠራ ነበር?

በዚያው ዓመት መጨረሻ ከባርነት ለወጡ ሰዎች አማካሪ ሆና አርሊንግተን፣ ቨርጂኒያ ወዳለው የነጻ ወጪዎች መንደር ተላከች። ዛሬ ብዙ አበሻ በሚኖርበት በዚያ አካባቢ፣ መንደሩ የነበረበት መሬት የአርሊንግተን ብሔራዊ መካነ መቃብር አካል ሆኗል። ሴቶቹን የቤት አያያዝ ታስተምራለች፣ ከሜሪላንድ እየመጡ ልጆቻቸውን የሚነጥቁ ሰዎችን የሚከለክል ሕግ እንዳለ ለእናቶቹ ትነግራቸዋለች። በ1865 ወደ ነጻ ወጪዎች ሆስፒታል ተዛወረች። ይህ ተቋም በኋላ የሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የሆነው ነው።

የከተማውን የፈረስ ትራም ጉዳይም ያነሣችው ያኔ ነው። በመጋቢት 1865 የወጣ ሕግ በቀለም ምክንያት ማንንም ከትራም መከልከል አይቻልም ይል ነበር፤ ነጂዎቹ ግን ጥቁር ሲያዩ ሳይቆሙ ያልፋሉ። እሷ መንገድ መሀል ቆማ ልሳፈር ብላ ትጮኻለች፤ ሕዝቡ ተሰብስቦ መንገዱ ሲዘጋ ትሳፈራለች። አንድ ቀን ትኬት ቆራጩ ገፍትሮ ትከሻዋን ጎዳት። የትራሙን ቁጥር ይዛ ከሰሰች፤ ሰውየው ተያዘ፣ ሥራውንም አጣ። ብዙም ሳይቆይ ትራሞቹ ጥቁርና ነጭ አሳፍረው ይሄዱ ጀመር።

ሰዎችን ከደቡብ በድብቅ ያሸሸችው እሷ ናት?

አይደለችም፤ ያቺ ሃሪየት ተብማን ናት። ተብማን ከሜሪላንድ አምልጣ ተመልሳ ሰው ታወጣ ነበር፣ በዕድሜም ሃያ አምስት ዓመት ያህል ታንሳለች። በ1864 ቦስተን ላይ ተገናኝተዋል።

ያልተሳካላት ነገር አለ?

ትልቁ የመሬት ጉዳይ ነው። ከ1870 ጀምሮ መንግሥት በምዕራብ ካለው መሬት ለነጻ ወጪዎች እንዲሰጥ አቤቱታ አዘጋጅታ፣ ሰባ ዓመት ካለፋት በኋላ ከግዛት ግዛት እየዞረች ፊርማ ሰበሰበች፤ ፕሬዚዳንት ግራንትንም አነጋገረች። ምክንያቷ ግልጽ ነበር፦ ዋሽንግተን ውስጥ በእርዳታ ዳቦ የሚኖር ሰው ነጻ ነው አይባልም፣ የሚያርሰው ይፈልጋል። ኮንግረስ ምንም አላደረገም። በ1872 ደግሞ ባትል ክሪክ ውስጥ ድምፅ ልስጥ ብላ ምርጫ ጣቢያ ሄዳ ተመለሰች፤ ለአሜሪካ ሴቶች የመምረጥ መብት በሕገ መንግሥት የጸናው በ1920 ነው።

105 ዓመት ኖራለች የሚባለውስ?

ኅዳር 26 ቀን 1883 ባትል ክሪክ ስትሞት 86 ዓመት ገደማ ነበረች። 105 የሚለው ቁጥር የመጣው ከመቃብር ድንጋይዋ ነው፤ በሕይወት ሳለችም ዕድሜዋ ተጋንኖ ይነገር ነበር፣ እሷም ብዙ አልተቃወመችም።

ከእሷ ጋር የተያያዙ ምን ቦታዎች መጎብኘት ይቻላል?

ዋሽንግተን ያላችሁ የኮንግረሱ ሕንፃ ጎብኚዎች ማዕከል ውስጥ፣ ኢማንሲፔሽን አዳራሽ፣ በ2009 የቆመላትን የነሐስ ምስል ማየት ትችላላችሁ፤ መግቢያው ነጻ ነው። በዚያ ሕንፃ ምስል የቆመላት የመጀመሪያዋ ጥቁር አሜሪካዊት እሷ ናት። ኒው ዮርክ ሴንትራል ፓርክ ውስጥ ከሴቶች መብት ታጋዮቹ ከሱዛን አንተኒና ከኤልሳቤጥ ስታንተን ጋር የተቀረጸችበት ሐውልት በ2020 ቆሟል። መቃብሯ ባትል ክሪክ፣ ኦክ ሂል ነው። ወደ ሰሜን ኒው ዮርክ የሚነዳ ሰው ደግሞ ኪንግስተን ላይ ይውረድ፤ በዎል ስትሪት ያለው የአልስተር ካውንቲ ፍርድ ቤት በር ላይ የፒተርን ጉዳይ የሚያስታውስ ጽሑፍ አለ። ከዚያ ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቆ በፖርት ዩዌን ማሰሮ የተሸከመች ልጅ ሐውልት ቆማለች። ሽራይቨር ዘንድ በነበረችበት ዘመን እንደምትመስል ታስቦ የተሠራ ነው።